የሟሟው ስኳር

ባለፈው ጥር ለሥራ ጉዳይ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ማረፊያዬ በባጃጅ ስሄድ መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ አዲስ ኬክ ቤት ደጃፍ ላይ ቆምን። ከውስጥ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጩ ሽታ አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ መራራው፣ ጉሮሮ የሚይዘው። ባለባጃጁ አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ «አሳረሩት!» አለ። እኔ እዚያው ወረድሁና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ መንገድ ዳር ቆምሁ።

መጀመሪያ ሰቆጣ ስገባ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። እናቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ከጎጃም ወደ ሰቆጣ ስትመደብ እኔን ይዛ መጣች፤ አባቴ ግን ፍኖተ ሰላም ቀረ። «በቅርብ ይመጣል» አለችኝ እናቴ። እኔ «በቅርብ» ማለት ቅርብ ቦታ ያለ መስሎኝ ነበር። እዚያ ማዶ፣ ከቀዩ ሸንተረር ጀርባ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ጉዳዩን እየጨረሰ ነው ብዬ አስብ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወልድያው አውቶቡስ የሚገባበት መንገድ ጋ እቆምና የሚወርዱትን ሰዎች ጫማ አያለሁ። ፊታቸውን ማየት እፈራ ነበር፤ በጫማው ግን አውቀዋለሁ ባይ ነበርሁ።

የክፍሌ ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። ክፍል ውስጥ በአማርኛ እንማራለን፤ ደወል ሲደወል እነሱ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና፣ ይገባሉ፤ እኔ ውጭ እቀራለሁ። አንድ ነገር ተባብለው ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ መሳቃቸውን ትተው ያዩኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አብሬ መሳቁን ተውሁት። በእረፍት ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ገልጬ፣ የማነብ እመስላለሁ። «የነርሷ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ስሜ እመቤት መሆኑን የሚያውቅ መኖሩንም እንጃ።

የተከራየነው አንድ ክፍል ነው፤ በመምህር ኪሮስ ግቢ ውስጥ። መምህር ኪሮስ የሰቆጣ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ወልድያ ነው የሚሠራው። በድንጋይ በተሠራች ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ረጅም ናቸው፤ በራቸውን ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በጥቁር ክር ተጠምጥሟል።

እናቴ ተረኛ በሆነች ቀን ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው በነጋታው ነው። መጀመሪያ ተረኛ የሆነች ዕለት ከደጃፋቸው ቆማ፣

«መምህር፣ እስክመለስ ድረስ ይቺን ልጅ አልፎ አልፎ ቢያዩልኝ» አለቻቸው።

«ዓይኔማ ደክሟል፣ ሲስተር» አሉ። «ጆሮዬ ግን ደህና ነው። እሰማታለሁ።»

እንደተባለውም ጆሮ ይሰጡኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚሰማ ድምፅ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ በሩን ከፈት አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ አለሽ ወይስ የለሽም?» አሉኝ።

«አለሁ።»

«ካለሽ ግቢ። ሻይ አፍልቻለሁ።»

እሳቸው ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ለኔ «ስንት ማንኪያ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤታችን ሁለት ነው የሚፈቀድልኝ፤ «ሦስት» አልሁ። ማንኪያውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ሌላ ብርጭቆ አምጥተው ውኃ ቀዱበት፤ ውኃው በደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ሦስት ማንኪያ ስኳር በሌላ ባዶ ብርጭቆ አድርገው አሳዩኝ።

«ይህ ስኳር ውኃው ውስጥ ሲገባ ውኃው እስከየት ይወጣል? ምልክት አድርጊ።»

ስኳሩ ባዶው ብርጭቆ ውስጥ የያዘውን ቦታ በጣቴ ለክቼ ከሳቸው መስመር በላይ ምልክት አደረግሁ። ስኳሩን ገለበጡት፤ አማሰሉት። ውኃው ከጠበቅሁት ግማሽ ያህል ብቻ ከፍ አለ። ስኳሩ ደግሞ የለም።

«የት ገባ?» አሉኝ።

«ቀለጠ።»

«አልቀለጠም!» ጮክ ብለው ሲናገሩ ደነገጥሁ። ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ ፊት የቆሙ ይመስሉ ነበር። «ሰው ሁሉ ቀለጠ ይላል። ስኳር ውኃ ውስጥ አይቀልጥም፤ ይሟሟል። የሚቀልጠው እሳት ላይ ነው። ሲሟሟ ተበታትኖ በውኃው መካከል ይገባል፤ አይታይም እንጂ አለ። አንድም ፍሬ አልጠፋም። ቅመሺው።»

ቀመስሁት። አለ።

የቀረውን በሳህን ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። የሰቆጣ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ውኃው ሄዶ ሳህኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ቀረ። በጥፍሬ ፍቄ በላሁት። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገዱ ጋ ሳልቆም ቀጥታ ወደ ቤት ነው የሮጥሁት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል እሳቸው ጋ ነበርሁ። ስኳር ለማስተማር የተመቸ ነገር ነው ይሉ ነበር፤ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ከሱቅ የሚገኘውን ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ከሰል አቀጣጠሉና በአሮጌ ጣሳ ክዳን ላይ ስኳር አድርገው ጣዱ። ጫፍ ጫፉ ረጠበ። ውኃ ግን አልነካውም ነበር። «አሁን ቀለጠ በይ» አሉኝ። ነጩ የማር መልክ ያዘ፤ ከዚያ የጠጅ፤ ከዚያ እንደ ቀይ አፈር ሆነ። ቤቱ በጣፋጭ ሽታ ተሞላ። በዚህ መሃል ቀዝቃዛ ብርጭቆ ገልብጠው ከጭሱ በላይ ያዙ። የብርጭቆው ሆድ ላብ አወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውኃ» አልሁ።

«ከየት መጣ? ደረቅ ስኳር ነው ያደረግነው።»

ስኳሩ ጠቆረ፤ አበጠ፤ መራራው ሽታ መጣ። ሲበርድ በጣቴ ስነካው እጄን አጠለሸኝ። «ከሰልና ውኃ» አሉ መምህር ኪሮስ። «ስኳር ማለት ይኸው ነው። እሳቱ ውኃውን ሲያስወጣው ከሰሉ ይቀራል። ጣፋጭነቱ የሁለቱ አያያዝ ነው፤ ለየብቻቸው አንዱም አይጣፍጥም።»

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። በዚያ ሰሞን ቦኖው ጋ ያለው ሰልፍ ከእትዬ ለተብርሃን ሱቅ አልፎ እስከ ማዞሪያው ይደርስ ነበር፤ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የምትመጣው። «ታዲያ ሰዉ ለምን ይሰለፋል? ስኳር ቢያቃጥልስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያው ሳቁን ትተው ወረቀት አወጡና ፊታቸው ድረስ አስጠግተው አሰሉ። «አንድ ኩንታል ሙሉ ብታቃጥዪ፣ አንዲት ጠብታ ባታመልጥሽ እንኳ፣ ሦስት ጀሪካን አይሞላልሽም» አሉኝ። ማንም ትልቅ ሰው የኔን ጥያቄ በወረቀት ላይ አስልቶልኝ አያውቅም ነበር።

ክረምት የሚመስል ደመና ለሁለት ቀን መጥቶ በሄደበት ሰሞን፣ በፈላ ውኃ ውስጥ ስኳር እየጨመርን አሟሟን፤ አልሟሟም ብሎ እስኪዘቅጥ ድረስ። ከእርሳስ ላይ ክር አንጠልጥለን ጠርሙሱ ውስጥ ከተትነውና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። «ከነካሽው ይበላሻል። ሥራው መጠበቅ ነው» አሉኝ። መጠበቅማ እችልበት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ክሩ ላይ ባቄላ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተቀመጡ፤ እንደ ተሰበረ መስታወት ቀጥ ቀጥ ያለ ጎን ያላቸው። መምህር ኪሮስ በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ ጎኑን ሁሉ ቆጠሩት።

«አሁን የማይታመን ነገር አሳይሻለሁ» አሉ። እኩለ ቀን ነበር። መስኮቱን ዘግተን በብርድ ልብስ ሸፈንነው፤ የበሩን ሥር በጋቢ ደፈንነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ዝም ብለን ተቀመጥን። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ አንዷን ድንጋይ በፒንሳ ይዘው ጨበጡ። ቀጭ አለች፤ በተሰበረችበት ቅጽበት ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ጮኽሁ።

«አየሽው?»

«አየሁት! እርስዎስ?»

«እኔ ካየሁት ቆይቷል» አሉ። «አሁን ዓይኔ ይህን ያህል ትንሽ ብርሃን አይዝም። ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?»

«ሰማያዊ ነው። እንደ… እንደ ክብሪት ግን የማያቃጥል።»

«ድገሚው» ብለው ፒንሳውን ሰጡኝ። እጄ ደካማ ስለሆነ በሁለት እጄ ጨብጬ አንድ በአንድ ሰበርኋቸው። ሲበራ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ጨለማው ውስጥ «እሺ» ይሉኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አልበሩም። በርተዋል አልኋቸው።

የዓይናቸው ነገር ከስኳር ጋር እንደሚገናኝ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ለተብርሃን ከግቢያችን በር አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው በኽምጣና ቅላጼ የሚሄድ፣ ድምፃቸው ግን ለስላሳ። እናቴ ሳሙና ስትገዛ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«መምህሩስ እንዴት ናቸው፣ ሲስተር?» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«ስኳሩ ጎዳቸው። ዓይናቸውን ይዟል፤ አሁን ደግሞ እግራቸው ላይ መጥቷል።»

«ወይኔ ጌታዬ! እኒያን የመሰሉ ሰው ስኳር ጨረሳቸው በይ?»

«አንድ ቀን ከፍ ይላል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። ከወረደ እንኳ ደግ ነበር እላለሁ፤ እሳቸው ላይ ግን አወራረዱ አያምርም።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝሁት «ስኳር ጨረሳቸው» የሚለውን ነው። የስኳር በሽታ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን በመርፌ ሲወጉ አይቻለሁ፤ መድኃኒቱን ትንሽ ማሰሮ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ ቀብረው ያቀዘቅዙት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ገባኝ ብዬ አሰብሁ። እኔን ለማስተማር ሲሉ በየቀኑ ስኳር ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ይተነፍሳሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ በዚያ ነው የሚገባባቸው። ተበታትኖ በመካከላቸው ገብቷል፤ አይታይም እንጂ አለ።

በሕማማት ሰኞ ደግሞ ጉንዳኖቹን አየሁ። ከግድግዳው ሥር ወጥተው፣ በቀጭን መስመር ወለሉን አቋርጠው፣ የአልጋቸውን እግር ይዘው ይወጣሉ። እሳቸውን ሊበሉ የመጡ ነው የመሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር ሳይ አንድ የወተት ጣሳ አለ፤ ከፈትሁት፤ ግማሽ ድረስ ስኳር ነው። ለሙከራ የምንጠቀምበት ስኳር መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እሱ አልቋል። ይህን ደግሞ ደብቀው፣ ከአልጋቸው ሥር፣ ሌት ተቀን እየተኙበት!

ሦስት ቀን አሰብሁበት። ለእናቴ ልነግራት እፈልግና ትቆጣቸዋለች ብዬ እተዋለሁ። ከዚያም በላይ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፤ እሳቸው ከሞቱ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ጉልባን ሊያመጡ ወደ ጎረቤት ሲወጡ ጣሳውን አወጣሁ። ሜዳ ላይ ልደፋው ብል ጉንዳኑ ይሰበሰብና ይታወቅብኛል። የት እንደማይታይ ግን ራሳቸው አስተምረውኛል። ከበሩ ጀርባ አምስት ሊትር የምትይዝ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበረች፤ ውኃ ሞልታለች። ጥቂት ቀነስሁላትና ስኳሩን በሙሉ ገለበጥሁባት። ክዳኗን ዘግቼ ክንዴ እስኪዝል ነቀነቅሁ። ሟሟ። ጣሳውን አጥቤ ባዶውን ከቦታው መለስሁት። ውኃውን ልደፋው አስቤ ነበር፤ ግን ቦኖው ከሰኞ ጀምሮ ደርቋል፤ በዚያ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ ውኃ መድፋት ኃጢአት ነው። ከበሩ ጀርባ ተውኋት።

በነጋታው ስቅለት ነው። እናቴ ተረኛ ነበረች። ከመውጣቷ በፊት መምህር ኪሮስ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «መርፌውን ከወጉ ምግብ ሳይቀምሱ እንዳይውሉ፣ መምህር። ነፍስ አባትዎም ነግረውዎታል» አለቻቸው።

«እሺ፣ ሲስተር፣ እሺ።»

ስትሄድ መርፌያቸውን ወጉ። ጉልባኑ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል፤ አልነኩትም። «ዛሬን እንኳ» አሉ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። እግራቸው ስለታመመ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መስገድ አልቻሉም፤ ጾሙንም ቢተዉ ምን ይቀራቸዋል? እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ካልበሉ ስኳሩ ይወርዳል፤ እናቴ ከወረደ ደግ ነው ብላለች። ጉልባኑን አላስታወስኋቸውም።

ቀኑ ጸጥ ያለ ነበር። ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእትዬ ለተብርሃን ሱቅ ተዘግቷል፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። መምህር ኪሮስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከእግራቸው ሥር መዝሙረ ዳዊት አነብላቸዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀና ስል ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። እጃቸው የጋቢውን ጫፍ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«መምህር?»

በኽምጣና መለሱልኝ። ሳውቃቸው ጀምሮ አንድ ቀን በኽምጣና አናግረውኝ አያውቁም። ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ከመካከሉ የሚስታቸውን ስም ሰማሁ። ዓይኖቻቸው እኔን አልፈው ነው የሚያዩት። «አይገባኝም፣ መምህር፣ በአማርኛ ይበሉኝ» እላለሁ፤ እሳቸው እየደጋገሙ ይናገራሉ፤ ይቆጣሉ፤ መልሰው ይለምናሉ። በመጨረሻ አንድ ቃል ለየሁ። ስኳር። ይቺ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናት።

ወደ አልጋው እጃቸውን ሰደዱ፤ ከወንበሩ ተንሸራተው በጉልበታቸው ወረዱ። ጣሳውን አወጡ። ከፈቱት። ባዶ ነው። ጣሳውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ውስጡን፣ ጥግ ጥጉን።

«ስኳር አይሆንም» አልኋቸው እያለቀስሁ። «እሱ ነው የሚጨርስዎ። እኔ ነኝ የወሰድሁት።»

የሰሙኝ አይመስለኝም። ወጥቼ ሮጥሁ። ሱቁን በጡጫዬ ደበደብሁ፤ መንገዱ እስከ ማዞሪያው ድረስ ባዶ ነው። ሩቅ ከተራራው ላይ የእግዚኦታ ድምፅ ይሰማል። ተመልሼ ስገባ ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ውኃ» አሉ፤ በአማርኛ።

ማድጋውን ገለበጥሁት፤ ጠብ የሚል የለም። የኛም ቤት ጀሪካን ባዶ ነበር፤ እናቴ ጠዋት የቀረውን ፊቷን ታጥባበታለች። ያለችው አንዲት ናት፤ ከበሩ ጀርባ።

ዛሬም ድረስ ያን ቆይታ አልረሳውም። ጀሪካኗን አቅፌ ቆምሁ። ይህን ባጠጣቸው እንደምገድላቸው እርግጠኛ ነበርሁ። ባላጠጣቸው ደግሞ እየሞተ ያለ ሰው ውኃ ሲለምነኝ ልከለክል ነው፤ ያውም በስቅለት ቀን። ይሙቱ ግን ተጠምተው አይሙቱ አልሁ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ። ብርጭቆ ቀዳሁ፤ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ «ይቅር ይበሉኝ» እያልሁ፣ በትንሽ በትንሹ አፋቸው ውስጥ አንቆረቆርሁ። ግማሹ በጢማቸው ፈሰሰ። ሁለተኛ ቀዳሁ። ሁለተኛውን ራሳቸው ይዘው ጠጡት።

ከዚያ እስኪሞቱ ጠበቅሁ።

አልሞቱም። መጀመሪያ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ላባቸው ደረቀ። ብዙ ከቆየ በኋላ ዓይናቸው ከኔ ላይ ዐረፈ፤ አየኝ። ምላሳቸውን ከንፈራቸው ላይ አዞሩ።

«እመቤት» አሉ። «ይህ ውኃ ይጣፍጣል።»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጉንዳኖቹን፣ ሱቅ የሰማሁትን፣ ጣሳውን። ግድግዳውን ተደግፈው ሰሙኝ። ጉልባኑን አምጪ አሉኝና እየበሉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ከበሽታዬ ጋር ስትኖሪ ስለ በሽታዬ ያልነገርሁሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አሉ። «ስኳር እንዴት እንደሚቃጠል ስነግርሽ ይህን ግን ዘለልሁት። ሰው ደካማነቱን ማስተማር አይወድም። ስሚ እንግዲህ። የታመመው ሰውነቴ ነው እንጂ ስኳሩ ምን አደረገ? ሲበዛብኝ ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ይጎዳኛል። ሲያንሰኝ ግን በአንድ ሰዓት ይገድለኛል። ጣሳው አልጋዬ ሥር የነበረው ለዚህ ነው። እናትሽ ናት አስቀምጥ ያለችኝ።»

እናቴ በነጋታው ስትመጣ፣ «ስኳሬ ወርዶ ነበር። ልጅሽ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ» አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ወሬው ለፋሲካ ሰፈሩን አዳረሰ። እትዬ ለተብርሃን ከረሜላ በእጄ ሞሉልኝ፤ ትምህርት ቤት ልጆቹ በጣታቸው እያሳዩኝ ይነጋገራሉ፤ ቋንቋቸው ባይገባኝም አሁን በመልካም እንደሚያነሡኝ አውቀዋለሁ። እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ከረሜላውን መብላት አቃተኝ፤ በእረፍት ሰዓት ከምቀመጥበት ድንጋይ ሥር ቀበርሁት።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ልጃቸው ዓለሙ ከወልድያ መጣ። አባቱን የሚመስል ረጅም ሰው ነው። እናቴንም አመሰገናት፤ እኔንም ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ፣ «አባዬን ይዣቸው ልሄድ ነው። ከእንግዲህ ብቻቸውን አይኖሩም» አለ።

መምህር ኪሮስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከእናቴ ጀርባ ወጣሁ። «እኔ ነኝ ያሳመምኋቸው» አልሁ። «ስኳሩን የደበቅሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልደብቀው ምንም አይሆኑም ነበር። አይውሰዷቸው። ሁለተኛ አልነካባቸውም።»

እናቴ ክንዴን ይዛ፣ «ምን?» አለች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ዓለሙ አባቱን አያቸው።

«እውነቷን ነው» አሉ መምህር ኪሮስ። «ያዳነችኝም እሷ ናት። ሁለቱም እውነት ነው።»

ዓለሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተንበርክኮ ዓይኔን እያየ፣ «እመቤት፣ ይህንማ ስሰማ ይበልጥ ልወስዳቸው ይገባኛል። እስቲ አስቢው፤ ያን ሰዓት አጠገባቸው ከአንቺ ሌላ ማንም አልነበረም» አለኝ። ላስቀራቸው ብዬ የተናገርሁት ነገር እንዲሄዱ አደረጋቸው።

የሄዱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ዓለሙ ሻንጣውን ሲጭን፣ እሳቸው በትራቸውን ይዘው በሩን ጎንበስ ብለው ወጡ። እናቴ ተሰናበተቻቸው። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።

«መቼ ይመለሳሉ?» አልኋቸው።

ልጃቸው ከዚያ ማዶ ሆኖ፣ «በቅርብ ይመጣሉ፣ አይዞሽ!» አለኝ።

መምህር ኪሮስ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት። ቁልቁል ወደኔ ዞሩ። የት እንዳለሁ ለማወቅ ትከሻዬን በእጃቸው ፈለጉ።

«አልመለስም» አሉኝ። «ዓይኔም እግሬም ከዚህ ወዲያ አይሻላቸውም። ቤቱም ይከራያል። በበዓል እመጣለሁ ብዬ ልዋሽሽ?»

«አይዋሹኝ» አልሁ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። ትከሻዬን ጫን አድርገው ያዙት፤ ከዚያ ለቀቁኝና በዳሰሳ ወደ መኪናው ሄዱ።

ሚኒባሱ ማዞሪያውን ሲያልፍ አቧራው እስኪወርድ አየሁት። ገብቼ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ፤ ዘግይቼ ስለነበር በር ላይ ተንበርከክሁ። በሳምንቱ ቤታቸውን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተከራየው። ክረምቱ ገባ፤ ቦኖው ውኃ አገኘ፤ ሰልፉ አጠረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደ ድሮው መንገዱ ጋ እቆም ነበር፤ ጃንጥላ ሳልይዝ፣ ከእትዬ ለተብርሃን ሱቅ ክፈፍ ሥር። አውቶቡሱ ሲመጣ አሁንም የአባቴን ጫማ እፈልጋለሁ። በትር የያዘ ረጅም ሰው ሲወርድ ግን አንድም ቀን ልቤ አልደነገጠም። ያን ዓመት ከተለዩኝ ሁሉ ይመጣሉ ብዬ ያልጠበቅሁት፣ አልመለስም ያሉኝን እሳቸውን ብቻ ነው።